ዕለታዊ ልማድና የመሐንዲስ ዕድገት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ሰው ዲግሪውን ተቀብሎ ከዩኒቨርሲቲ በር በወጣ ማግስት ሁለት መንገዶች ከፊቱ ይጠብቁታል። አንደኛው ትምህርት አለቀ ብሎ የሚያምን ሰው የሚጓዝበት ነው፤ ይህ ሰው በአምስት ዓመት የሰበሰበውን ስንቅ በሠላሳ ዓመት የአገልግሎት ዘመን ቀስ እያለ ይበላል። ሁለተኛው ደግሞ ትምህርት ገና አሁን ተጀመረ ብሎ የሚያምን ሰው የሚሄድበት ነው፤ ይህኛው ከየዕለቱ ሥራው ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ በስንቁ ላይ ስንቅ ይጨምራል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ሰዎች ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሌት ይሠራሉ፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ ላይ ይፈርማሉ። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን አንደኛው ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው ፈልገው የሚሄዱበት አማካሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ሌላው ዱሮ የተማረውን ቀመር ከዱሮው ደብተር እየገለበጠ የሚኖር ሰው ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የተፈጥሮ ተሰጥኦ ወይም ዕድል ነው። ነገርን ከሥሩ መመርመር ለለመደ ሰው ግን ምክንያቱ ከዚህ የቀረበና የተራ ነው፤ ይኸውም ልማድ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው አባባል በልጅነት ሁሉም የሰማው በመሆኑ ኃይሉ ተዘንግቷል እንጂ፣ ስለ ሙያ ዕድገት ከተነገሩት ቃላት ሁሉ እውነተኛው እርሱ ነው። ዕውቀት ሰው በሚያስብበት ሰዓት ያገለግለዋል። ልማድ ግን በማያስብበት ሰዓት፣ ይኸውም ሲደክመው፣ ሲቸኩልና ማንም በማያየው ጊዜ ይመራዋል። አብዛኛው የሥራ ጊዜ ደግሞ ይህኛው ነው።

ጉዳዩ ስለ ግል መሻሻል ብቻ የሚሰጥ ምክር ተደርጎ እንዳይወሰድ አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። መሐንዲስ ሲያድግ የሚጠቀመው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ዕድገቱ ሲቆምም የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። በነደፈው ፎቅ ውስጥ የሚተኙ ሕፃናት፣ በሠራው ድልድይ ላይ ከብት የሚነዱ ገበሬዎች ስሙን አያውቁትም። ሕይወታቸውን ግን በልማዱ ላይ አሳርፈዋል። እንግዲህ አምስት ልማዶች፣ ከእያንዳንዳቸውም ሥር የሚገኘው የአስተሳሰብ ለውጥ ቀጥሎ ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው ልማድ አይቶ መጻፍ ነው። የአፈር መካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ግድቦች በሚሠሩባቸው ቦታዎች እየተዘዋወረ መረጃ ለመሰብሰብና ከዚያም ስለ መሬት ጠባይ አንድ ሕግ ለማውጣት ነበር። ብዙ አየ፣ ብዙም መዘገበ፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መረጃ የሚፈልገውን ሕግ ሳያገኝ ቅር ብሎት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመምህርነት ወደ ኢስታንቡል ተላከ። ከጦርነቱም በኋላ በዚያው ከተማ በሚገኘው በሮበርት ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ከተገኘው ቁሳቁስ በራሱ እጅ ባበጃቸው ቀላል መሣሪያዎች ጥቂት ጭብጥ ሸክላ አፈር ወስዶ መጫንና መለካት ጀመረ። ሸክላው ሲጫን ምን ያህል እንደሚረግጥ፣ ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ከዓመት እስከ ዓመት እየተከታተለ ጻፈ። ከዚህም የተነሣ የሕንፃ ክብደት በመጀመሪያ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው ውሃ ላይ እንደሚያርፍ፣ ውሃውም በዝግታ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ቅንጣቶቹ እንደሚተላለፍ፣ ስለዚህም በሸክላ ላይ የቆመ ቤት ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊሰጥም እንደሚችል ለማስረዳት ቻለ። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሆነው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1925 ታተመ፤ አዲስ የትምህርት ዘርፍም ተወለደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጣው የአስተሳሰብ ለውጥ በግልጽ ይታያል። ሰውየው ዓለምን ዞሮ ያላገኘውን መልስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ነገርን በትዕግሥት በመመልከት አገኘው። በኢትዮጵያም የሚሠራ መሐንዲስ ከዚህ የራቀ ዕድል የለውም። በአዲስ አበባና በብዙ የደጋ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። መሠረቱ ጥልቀት የጎደለውን ቤት እያነሣና እያወረደ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ሁሉም መሐንዲስ በመጽሐፍ አንብቦታል። በየሥራው ቦታ ስንጥቁ በየትኛው ወር እንደ ታየ፣ ከመስኮት ማዕዘን ወይስ ከመሠረት እንደ ጀመረ፣ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚፈስ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ በስንት ሜትር ላይ የአፈሩ ቀለም እንደ ተለወጠበት በኪስ ደብተሩ የሚመዘግብ ግን ስንት ነው? በቀን አምስት መሥመር የሚጽፍ መሐንዲስ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም ሊሸጥለት የማይችለው መጽሐፍ ባለቤት ይሆናል። «አውቀዋለሁ» የሚለው ቃል «እስቲ ልየው» በሚለው ቃል ሲተካ ዕድገት የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ልማድ የገዛ ራስን ትዝታ አለማመን ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 በኦሃዮ፣ በራይት ፊልድ የአየር ጣቢያ፣ የቦይንግ ኩባንያ የሠራው አዲስ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ለሙከራ ተነሣ፤ ጥቂት ከፍ እንዳለም ተገልብጦ ወደቀና ተቃጠለ። ከተሳፈሩት መካከል ሁለቱ ሞቱ። ሲመረመር አውሮፕላኑ ምንም የመሣሪያ ጉድለት አልተገኘበትም። አውሮፕላኑ በቆመበት ጊዜ ነፋስ የመሪ ክንፎቹን እንዳያወዛውዝ የሚይዘው መቆለፊያ ከመነሣቱ በፊት ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። መሪውን የያዙት ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም፤ እጅግ የታወቁ የሙከራ አብራሪዎች ነበሩ። ስለዚህም መፍትሔው ተጨማሪ ሥልጠና ሊሆን አልቻለም። አብራሪዎቹ ያገኙት መፍትሔ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ላይና በማረፍ ጊዜ የሚደረገውን ነገር ሁሉ በወረቀት ዘርዝሮ እያነበቡ ማረጋገጥ ሆነ። ያ አውሮፕላን በኋላ ቢ-17 ተብሎ ከ12000 በላይ ተሠርቷል።

ይኸው ሐሳብ ከሰባ ዓመት በኋላ ወደ ሕክምና ተዛወረ። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች ብቻ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው ዝርዝሩ ታንዛኒያን ጨምሮ በስምንት አገሮች ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ሕሙማን ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ ብለዋል፤ ከባድ የጤና መታወክም ከመቶ 11 ወደ 7 ቀንሷል። በዝርዝሩ ውስጥ ሐኪሞቹ የማያውቁት አንድም ነገር አልነበረም። ለውጡን ያመጣው የሚያውቁትን ሳይዘነጉ መሥራታቸው ነው።

ብዙ ባለሙያ ዝርዝር ይዞ ማረጋገጥ የጀማሪ ሥራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጀማሪ ስለሚፈራ ይጠነቀቃል፤ የሚዘነጋው የለመደ ሰው ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት የፌሮው ብዛትና ዲያሜትር፣ ከካሳፎርማው ጋር ያለው ክፍተት፣ የድጋፎቹ ጥንካሬ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መተላለፊያዎች ቦታ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርዝረው አንድ በአንድ ምልክት ቢደረግባቸው የሚጠፋው ጊዜ ሩብ ሰዓት ነው። አርማታ ከደረቀ በኋላ ግን የተረሳውን ለማስተካከል ያለው መሣሪያ መዶሻና መሮ ነው።

ሦስተኛው ልማድ ትንሹን ጥያቄ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ለዳንስ ተሰብስቦ ሳለ ከላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት የእግረኛ መተላለፊያዎች ወደቁ፤ 114 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይም ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም መተላለፊያዎች ከጣራ በሚወርዱ ያልተቆራረጡ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ በየራሳቸው የሚንጠለጠሉ ነበሩ። ለሥራ እንዲመች ሲባል ግን እያንዳንዱ ዘንግ በሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው መተላለፊያ ከጣራው ሳይሆን ከላይኛው መተላለፊያ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ።

ነገሩ በሁለት ባልዲዎች ሊገለጽ ይችላል። ሁለት ባልዲዎች በአንድ ገመድ ላይ ለየብቻ ቢታሰሩ የላይኛው ባልዲ እጀታ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። የታችኛው ባልዲ ከላይኛው ባልዲ ግርጌ ላይ ቢንጠለጠል ግን ያ እጀታ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል። በሆቴሉም የሆነው ይኸው ነው፤ በላይኛው መገጣጠሚያ ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሆነ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው ሕግ ከሚጠይቀው ጥንካሬ 60 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚያሟላ ስለ ነበር ለስህተት የሚሆን ትርፍ አቅም አልነበረም። ለውጡ የያዘው ሥዕል በብዙ ሰዎች እጅ አለፈ፣ ማኅተምም ተደረገበት፤ መገጣጠሚያውን እንደገና ያሰላው ሰው ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ሌላው አስልቶታል ብሎ አመነ።

የዚህ አደጋ ትምህርት ለስሌት ዕውቀት የተሰጠ አይደለም፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአሥር ደቂቃ ሊሠራው የሚችል ስሌት ነበርና። የጎደለው «ይህ ሲለወጥ ክብደቱ ወዴት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትንሽ ጥያቄ መጠየቅ አላዋቂ ያስመስላል የሚል ፍርሃት ያለበት ሰው ያድጋል ተብሎ አይጠበቅም። በጥያቄው ለአምስት ደቂቃ አላዋቂ መስሎ መታየት፣ ባለመጠየቅ ዕድሜ ልክ ከመጸጸት ይሻላል።

አራተኛው ልማድ ይሉኝታን በቦታው ማስቀመጥ ነው። ይሉኝታ ለኅብረተሰብ ኑሮ ጌጥ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ታናሽን ከታላቅ ጋር አስማምቶ የሚያኖር እርሱ ነው። ነገር ግን በግንባታ ቦታ ላይ ያለ ቦታው ሲገባ አደገኛ ይሆናል። ሁኔታው ለማንም እንግዳ አይደለም። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ፀሐይ በርትቷል፣ ሠራተኛው ደክሟል፣ አርማታው አልገፋም ብሎ አስቸግሯል። በሥራው ሠላሳ ዓመት የቆየ ግንበኛ ባልዲ አንሥቶ በድብልቁ ላይ ውሃ ይጨምራል። በዲግሪ ከተመረቀ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ መሐንዲስ አጠገቡ ቆሟል። ሽማግሌውን በሰው ፊት መከልከል ያሳፍረዋል፤ ዝም ይላል።

ዳፍ ኤብራምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳየው የኮንክሪት ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው ለሲሚንቶው በሚሰጠው የውሃ መጠን ነው። ለሲሚንቶው ከሚያስፈልገው በላይ የተጨመረ ውሃ በኋላ ሲተን በውስጡ ባዶ ቀዳዳዎች ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱም ይደክማል። ያቺ ባልዲ በዕለቱ ሥራውን አቅልላለች። ዋጋዋ የሚታወቀው ግን ናሙናው በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ ሲፈተን ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሶሌታው ደርቆ ሌላ ፎቅ በላዩ ተጀምሯል።

የዚህ መድኃኒቱ ሽማግሌውን መገሠጽ አይደለም። ወጣቱ ከሙሌቱ በፊት በነበረው ቀን፣ በቡና ሰዓት፣ ከግንበኛው ጎን ተቀምጦ «ጋሼ፣ ነገ ፀሐይ ሊበረታ ይችላል፤ አርማታው እንዳያስቸግርዎ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ግንበኛው ሙሌቱ ማለዳ እንዲጀመር፣ ጠጠሩ ቀድሞ ውሃ እንዲጠጣ፣ ማደባለቂያው ወደ ሥራው እንዲቀርብ ይመክራል፤ ይህ ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ነው። ወጣቱም በበኩሉ ውሃው በልክ እንዲሆን ምክንያቱን ያስረዳል። በማግሥቱ ባልዲውን የሚከለክለው ግንበኛው ራሱ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሁለት የአስተሳሰብ ለውጦች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ የተማረው ሰው ካልተማረው እንደሚማር ያውቃል፣ አክብሮትና ዝምታም አንድ እንዳልሆኑ ይረዳል።

አምስተኛውና ከሁሉ የከበደው ልማድ ስህተትን ሳይዘገዩ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርክ ከተማ የተፈጸመው የሲቲኮርፕ ሕንፃ 59 ፎቆች ያሉት ሲሆን፣ በቦታው ጥግ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረ ምሰሶዎቹ በማዕዘኖቹ ላይ ሳይሆን በየጎኑ መካከል ላይ ቆሙ። የሕንፃውን አካል የነደፈው መሐንዲስ ዊልያም ለመዢሪየር በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከተማሪ የመጣ ጥያቄ ስሌቱን እንደገና እንዲመለከት ገፋፋው። በማዕዘን በኩል የሚመጣ ነፋስ በአንዳንድ የብረት አካላት ላይ ከታሰበው የበለጠ ኃይል እንደሚያሳርፍ፣ በብየዳ ይያያዛሉ የተባሉት መገጣጠሚያዎችም በብሎን ብቻ መታሰራቸውን አወቀ። የማዕበል ወራት እየቀረበ ነበር።

ለመዢሪየር በኋላ እንደ ተናገረው ዝም ማለትን፣ ሕይወቱን ማጥፋትንም እንኳ አስቦ ነበር። የመረጠው ግን ለሕንፃው ባለቤቶችና ለከተማው ሹማምንት ሄዶ መናገርን ነው። ለጥቂት ወራት በየሌሊቱ ብየዳ ተካሄደ፤ ከ200 በላይ የሆኑ መገጣጠሚያዎች በወፍራም የብረት ሳህን ተጠናከሩ። ሕንፃውም ዛሬ ቆሟል። በኋላ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች የአደጋውን መጠን በሌላ መልክ ቢገምቱም፣ በዚያን ጊዜ በእጁ በነበረው መረጃ መሠረት ያደረገው ውሳኔ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ይልቁንም ጨመረለት። ነገር ግን ታሪኩ በሙሉ ሊወደስ አይገባውም። በሕንፃው ውስጥና በዙሪያው ይኖር ለነበረው ሕዝብ የአደጋው ልክ አልተነገረውም፤ ነገሩ በይፋ የታወቀው ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እንግዲህ ለአለቃና ለባለቤት መናገር የኃላፊነት ግማሹ ሲሆን፣ አደጋው ለሚደርስበት ሰው መናገር ሌላው ግማሽ ነው።

እንዲህ ያለ ድፍረት በአንድ ሌሊት አይገኝም። በየሳምንቱ «ይህችን መሥመር ተሳስቻለሁ፣ አስተካክሉልኝ» ለማለት ያልለመደ መሐንዲስ በትልቁ ቀን አፉ አይታዘዝለትም። በትንሹ የሚለማመድ ግን በትልቁ አይወድቅም። «ስህተት ውርደት ነው» የሚለው እምነት «የተደበቀ ስህተት ውርደት ነው» ወደሚለው መለወጥ አለበት። ይህም ለበታች ሠራተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። ስህተቱን የሚናገረውን ወጣት በጉባኤ ፊት የሚያሳፍር የክፍል ኃላፊ፣ በሥሩ ያሉት ሁሉ ስህተትን እንዲደብቁ ያስተምራቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ልማድ እንዴት ይተከላል የሚለው ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ያለ ብዙ ሐሳብ በራሱ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ እንደ ሰውየውና እንደ ድርጊቱም ከ18 እስከ 254 ቀን ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ከዚህ ጥናት ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ልማዱ የሚተከለው ቀድሞ ካለ ነገር ጋር ሲታሰር ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከቡና በፊት፣ ከሥራ ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ የሚደረግ ነገር ሥር ይሰድዳል፤ «ሲመቸኝ» የተባለ ነገር ግን አይጸናም። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። አንድ ቀን ስላመለጠው ሁሉን የሚተው ሰው አንድ ድንጋይ ስለ ወደቀበት ግንቡን የሚተው ሰው ይመስላል።

ስለዚህም አምስቱን ልማዶች በአንድ ሰኞ ለመጀመር መነሣት ማክሰኞ ለመተው መዘጋጀት ነው። አንዱን መርጦ፣ ያንንም አሳንሶ መጀመር ይበቃል። ቱንቢ የሚጥል ግንበኛ ግድግዳው ካለቀ በኋላ አይደለም የሚጥለው፤ በየረድፉ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ የተገኘ መዛነፍ በጣት ይቃናል፤ በአሥረኛው ረድፍ ላይ የተገኘ ግን ግድግዳውን ያስፈርሳል። የሰውም ጠባይ እንደዚሁ በየረድፉ የሚለካ ግንብ ነው።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ መጨረሻ ወደ ኋላ ሲመለከት የሚቆጥራቸው ሕንፃዎች፣ መንገዶችና ግድቦች ይኖሩታል። ከእነዚህ ይልቅ ሊኮራባቸው የሚገባው ግን የማይቆጠሩት ናቸው፤ በአንድ ትንሽ ጥያቄ ምክንያት ሳይወድቅ የቀረው ሰገነት፣ በአንድ ገጽ ዝርዝር ምክንያት ሳይረሳ የቀረው ብረት፣ በጊዜ በተነገረ ስህተት ምክንያት ሳይሞት የቀረው ሰው። እነዚህ በየትኛውም የሥራ ማስረጃ ላይ አይጻፉም። መነሻቸውም ዛሬ ማታ፣ ከዚህ አዳራሽ ከተወጣ በኋላ፣ አንድ ሰው በኪስ ደብተሩ ላይ የሚጽፋት የመጀመሪያዋ መሥመር ናት።